ሰው ያለበት ባዶ ቤት

ለታናሽ እህቴ፣ ለጉንዳን፦

እንደምን ከርመሻል እህት ዓለም? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል ወይስ ዘይት አገኘ? ዓይንሽስ? አማቼስ እንዴት ነው፣ ያ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ዝም በሉ፣ ዜና ነው» እያለ ቤቱን ጸጥ የሚያሰኘው ሰውዬ? ዓለም ያለ እሱ ክትትል አንድ ቀን እንደማታድር ንገሪልኝ። ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ ልጅሽስ ደህና ናት? ስለ እሷ ክፉ የጻፍኩበት ቦታ ላይ ስትደርስ ዘልላ እንደምታልፍ አውቃለሁ፤ ድምፅዋ ድንገት ከተቆረጠ ቆንጠጥ አድርጊልኝ።

እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ግን ቁጭ ብዬ እንዳይመስልሽ። ይህችን መሥመር ሳልጨርስ እንኳ ተነሥቼ በበሩ ቀዳዳ ኮሪደሩን አይቼ መጥቻለሁ። ማንም የለም። ምራቴ በጠዋት ወደ መሥሪያ ቤቷ በርራለች፤ ስትወጣ «አባባ፣ እስክመለስ ምንም ነገር እንዳይነኩ፣ ለማንም ምንም እንዳይናገሩ» ብላ አስምላኛለች። እኔን ዝም በል ማለት ለጅብ የሥጋ አደራ እንደ መስጠት መሆኑ ገና አልገባትም። አፌ ሲበላኝ እጄን ሥራ ላስይዘው ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ነገሩ ፊት ለፊታችን ያለው የልብስ ሰፊው ቤት ነው። ዛሬ መጥተው ሊያሽጉበት ነው። ሰውየው ደግሞ ውስጡ ተቀምጧል፤ ምንም አያውቅም።

ከሥሩ ልንገርሽ። ምራትህ ምን ትሠራለች ስትዪኝ «ኮምፒውተር ትነካካለች» ብዬሽ ነበር። ያኔ እኔም ከዚያ በላይ አላውቅም ነበር። ሥራዋ ለካ ውኃ ነው። ይህን ሕንፃና አጠገቡ ያሉትን መንትያዎቹን የሚያከራይ አንድ የቤቶች አስተዳደር አለ። በየቤቱ የውኃ መሥመር ላይ ቫልቭ የሚሉት፣ በኢንተርኔት የሚታዘዝ መዝጊያና ያየውን ራሱ የሚያወራ ቆጣሪ አስገጥሟል። ምራቴ ማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ትከፍታለች፤ አንድ እግሯን ወንበሩ ላይ አጣጥፋ ያንን ሁሉ ቤት ታዛለች። ቫልቮቹን ግን ራሷ አታናግራቸውም። ክላየንት የሚሉት ፕሮግራም አለ፤ እኔ ተላላኪው ነው የምለው። የፈለገችውን ለተላላኪው ትጽፍለታለች፣ እሱ ወደ ክላውዱ ያደርሰዋል፣ ክላውዱ ለየቫልቩ ያወርደዋል። ክላውድ ማለት ደመና ነው ስትለኝ፣ «እንግዲህ ደመና ውኃ የሚዘጋበት ዘመን ላይ ደረስን በይኛ» ብያት ሻይ ትን እስኪላት ሣቀች። እንዲህ ስቀልድ የማትሥቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

ብልሃቱ ቡድን ማበጀት ላይ ነው። ያን ሁሉ ቫልቭ በየስሙ ስትጠራ ከምትውል፣ በቡድን ታስቀምጣቸዋለች፤ የዚህ ሕንፃ፣ የላይኛው ፎቅ፣ ጥገና የሚጠብቁት እያለች። ለቡድኑ አንዴ ከተናገረች ሁሉም ይሰማል። ቡድን በቡድን ውስጥ ይገባል፤ ልጅ የሆነው ቡድን የአባቱን ትእዛዝ ይወርሳል። «ከሰው ልጅ ቫልቭ ይሻላል» አልኳት፤ ባሏን፣ ማለትም ያንን ልጄን፣ ለመውጋት እንደሆነ ገብቷት ከንፈሯን ነከሰች። ሌላ ደግሞ አለ፤ እሷ ማንንም ሳታስገባ በራሱ የሚሞላ ቡድን። ደንብ ብቻ ትጽፍለታለች፤ ደንቡ የያዘው ሰተት ብሎ ይገባል፣ የለቀቀው ይወጣል። ከእነዚህ አንዱ «ባዶ ቤቶች» ይባላል። ቆጣሪው ብዙ ጊዜ ሳይዞር የቆየ ቤት ሰው የለበትም፣ ባዶ ነው፤ ደንቡ ይኸው ነው። ባዶ ከሆነ ቧንቧው ፈንድቶ የታችኛውን ጎረቤት እንዳያጥለቀልቅ ውኃው ይዘጋል። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ አስተዳደሩ በዚያ ቡድን ያሉትን ቤቶች አሽጎ ተራ ለሚጠብቅ ተከራይ ይሰጣል። ይህን ማን ይጠላል? እኔም ያኔ «ጎበዝ» ብዬ ትከሻዋን መታ መታ አድርጌያት ነበር።

አሁን ወደ ልብስ ሰፊው። ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በዕድሜ አንስሃለሁ ይለኛል፤ ፊቱ ግን አይመሰክርለትም። ከሰዓት ከሰዓት በቆርኪ ዳማ እንጫወታለን፤ ሲሸነፍ ጠረጴዛው ዘሟል ይላል። ዕድሜውን የገፋው ውኃ እንደ እንግዳ አልፎ አልፎ ብቅ በሚልበት ሰፈር ነው። እዚህ ቧንቧው ጠዋትም ማታም ይፈሳል ብትዪው «እስቲ እናያለን» ነው መልሱ። ሳሎኑን ብታዪ፣ በግድግዳው ዙሪያ ጀሪካን ተደርድሯል። ለእያንዳንዱ ከቁራጭ ጨርቅ ቆብ ሰፍቶለታል፤ አንዱ ባለ መሥመር፣ አንዱ ባለ አበባ፣ አንዱ የወታደር። በገባሁ ቁጥር «ተማሪዎቹስ መጥተዋል፣ አስተማሪው የታለ?» እለዋለሁ። አንድ ቀን ሁሉንም ጢም አድርጎ ይሞላና ቧንቧውን ጠርቅሞ ይዘጋል። ከዚያ በኩባያ እየቀነሰ ነው የሚኖር። ፊቱን የታጠበበት እግሩን ይታጠብበታል፤ እግሩን የታጠበበት መጸዳጃ ቤት ይወርዳል። እንዲህ እያለ ሳምንታት ይገፋል።

መቼም ገብቶሻል። ቆጣሪው አይዞርም፤ ደንቡም ባዶ ብሎ ወሰደው፤ ቫልቩ ተዘጋ። ሌላ ሰው ቢሆን ጩኸቱ ሦስት ፎቅ ይወርድ ነበር። የእኛ ሰውዬ ግን ጀሪካኖቹ አልቀው ቧንቧውን ሲከፍትና ቧንቧው ኽርር ብሎ ዝም ሲል ጭራሽ ደስ አለው። አላልኩም ወይ፣ ይኸው ጠፋ! ብሎ፣ ሲመጣ ይመጣል ብሎ በትዕግሥት ተቀመጠ። ለማን ይናገር? እሱ ባደገበት ሰፈር ውኃ ጠፋ ብሎ አቤት የሚል ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል።

እኔ የነቃሁት በአንገትጌው ነው። ሸሚዙ ካልተተኮሰ ቆሻሻ ለመድፋት እንኳ የማይወጣ ሰው፣ ትናንት አንገትጌው ጠቁሮ ለዳማ መጣ። ታውቂኛለሽ፤ «ምነው፣ ጋራዥ ተቀጠርክ እንዴ?» አልኩት። ቱግ አለ። «ውኃ በጠፋበት ጊዜ በሰው መሣቅ! አንተ ለመሆኑ በምን ታጠብክ?» ሲለኝ «በውኃ» አልኩት። «ከየት ያመጣኸው?» አለ። «ከቧንቧ» አልኩት። ያላገጥኩበት መስሎት ቆርኪውን በትኖ፣ በሩን በላዬ ላይ ወርውሮ ሄደ።

ማታ ራት ላይ ለምራቴ እየሣቅኩ ነገርኳት። እሷ አልሣቀችም። ማንኪያዋን አስቀምጣ ላፕቶፑን ሳበችና ለተላላኪው አንድ ነገር ጻፈችለት። መልሱን አይታ «አባባ፣ ባዶ ቤቶች ውስጥ ገብተዋል። ነገ ከሚታሸጉት ውስጥ ናቸው» አለች። «ታዲያ አውጪያቸዋ!» አልኩ። በእጅ አይወጣም አለችኝ፤ ያ ቡድን በእጅ አያስገቡበትም፣ በእጅ አያስወጡበትም። የሚያወጣው ደንቡ ነው፤ ቆጣሪያቸው ከዞረ በራሳቸው ይወጣሉ። «እንዲዞር ቫልቩን ክፈቺው» አልኩ። እዚያ ቡድን ውስጥ እስካለ ድረስ ብትከፍተውም ተመልሶ ይዘጋል አለችኝ። አገላብጬ አሰብኩት። ከባዶዎቹ ለመውጣት ውኃ መቅዳት አለበት፤ ውኃ ለመቅዳት ከባዶዎቹ መውጣት አለበት። ቁልፉን ውስጥ ረስቶ በሩን እንደ ዘጋ ሰው ማለት ነው።

«ሰዎቹ ሲመጡ በሩን ከፍቶ አለሁ ቢላቸውስ?» አልኳት። እሱ ጭራሽ ይብሳል አለች፤ ባዶ በተባለ ቤት ውስጥ የተገኘ ሰው ሰብሮ እንደ ገባ ነው የሚቆጠረው። መጀመሪያ ይታሸጋል፣ አቤቱታው በኋላ ነው። በኋላ የሚባለው ጊዜ ስንት ጸጉር እንደሚያሸብት አንቺም እኔም እናውቃለን። ደንቡን እንድትለውጠው ብጠይቃት፣ አንዴ ከጸደቀ ያለ አለቃዋ ፈቃድ አይነካም፤ አለቃዋ ደግሞ ስልክ አያነሣም። «የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ፣ አባባ» አለች ሳህኗን እያየች። «ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቧንቧ የማይከፍት ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።» ማንስ ያስባል? ሳህኗን እንዳለ መለሰችው። ሰውየው በከንቱ እንዳይደነግጥ እኔን አስምላ፣ በጠዋት አለቃዋን በሩ ላይ ልትይዘው ሄደች።

ቆይ፣ ሊፍቱ ቆመ።

አይደሉም። የታችኛዋ ጎረቤት ናት፣ ፎቅ ተሳስታ ነው። ምነው ፈጠጥክብኝ ብላኝ ወረደች።

አሁን ደግሞ ራሱ ልብስ ሰፊው በሩን ከፍቶ ብቅ አለ። «በርህን ስትከፍት ስትዘጋ ራሴን አዞርከው፤ ምን ሆነሃል፣ መቀመጫህ ላይ እባጭ ወጣብህ?» አለኝ። ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው ብለው «ቆመህ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቆሜ ነበር። ያቺ አንገትጌ ከትናንቱ ብሳለች። ምላሴ ጥርሴ ላይ ደርሳ ተመለሰች። አንድ ብርጭቆ ውኃ ልስጥህ ብለው «የለማኝ ነገር አየህብኝ?» ብሎ ዘጋብኝ። እህት ዓለም፣ ዝም ማለት እንዲህ የሚያደክም መሆኑን ባውቅ ኖሮ ዝምተኛ ሰዎችን አከብራቸው ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ምራቴ ናት። አለቃዋን አግኝታዋለች፤ ወሩ ሳይዘጋ ደንብ አይነካም ብሏታል። አሻጊዎቹ ከመሥሪያ ቤት ወጥተዋል። ድምፅዋ ተሰባብሯል። «ምን ላድርግ አባባ? አንድ ባልዲ ውኃ እንኳ በዚያ ቆጣሪ ቢያልፍ በራሱ ይወጣ ነበር» አለች። ዓይኔ ወደ ማእድ ቤታችን ቧንቧ ዞረ። «አባባ?» አለች። «አለሁ» አልኳት። «እኔ ምንም አላልኩም» አለች። «እኔም ምንም አልሰማሁም» ብዬ ዘጋሁት።

በይ ብዕሩን አስቀምጫለሁ።

ተመለስኩ። ወረቀቱ መርጠቡን አይተሽ አለቀሰ እንዳትዪ፤ የቧንቧ ውኃ ነው።

ምድር ቤት ወርጄ ለሕንፃው ቧንቧ ሠራተኛ ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ እንደ ጃጀ ሰው አየኝ። ሁለተኛ ስነግረው መፍቻውን አነሣ። ኮሪደሩ ላይ ባለችው የብረት ሳጥን ውስጥ መጀመሪያ ቫልቩ ነው፣ ከእሱ ቀጥሎ ቆጣሪው። የሁለቱን መጋጠሚያ ፈታና ከእኛ ማእድ ቤት ቧንቧ የሳብነውን የውኃ ጎማ ቆጣሪው አፍ ላይ አጎረሰው። በድምፁ ልብስ ሰፊው ወጣ። ከዚህ በኋላ መደበቅ የለም፤ ሁሉን ዘረገፍኩለት። «ባዶ?» አለ። «ማን ነው ባዶ ያለኝ?» ቆጣሪህ ነው አልኩት። «እኔ ውስጡ ቁጭ ብዬ?» አለ። «ውስጡ ቁጭ ብለህ፣ ከነተማሪዎችህ» አልኩት። ለመቆጣት አፉን ሲከፍት «በኋላ ትቆጣለህ፤ ገብተህ ቧንቧህን ክፈት!» ብዬ ጮኽኩበት።

ከፈተ። ቧንቧው ሳለ፣ ቡኒ ውኃ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። ጎማው በየጎኑ እያፈተለከ እኔንም ቧንቧ ሠራተኛውንም አጠበን፤ ቆጣሪው ግን ዞረ። ከዚያች ትንሽ መስኮት ዓይኔን አልነቀልኩም። ልብስ ሰፊው ከውስጥ «ይበቃል ወይ? እየባከነ ነው!» ይላል፤ እኔ «ልቀቀው!» እላለሁ። «ኧረ ይበቃል፣ ኃጢአት ነው!» ይላል፤ «ልቀቀው አልኩህ፣ አንተ ቆንቋና!» እላለሁ። ለምራቴ ብደውል፣ ቆጣሪው ያየውን ወደ ደመናው እስኪያደርስ ትንሽ ይቆያል አለችኝ። ቸኩሎ አያውቅም ማለት ነው።

በዚህ መሐል ሊፍቱ ተከፈተ። ሁለት ሰዎች የመሣሪያ ሣጥንና አዲስ የበር ቁልፍ ይዘው ጎማውን ተሻግረው መጡ። ትልቁ የበሩን ቁጥር አየና «ይህ ቤት ባዶ ነው» አለ። ልብስ ሰፊው እጅጌው ተሰብስቦ ውኃ እያንጠባጠበ በሩ ላይ ቆሟል። «እኔስ ምንድን ነኝ?» አለው። «አባቴ፣ እኛ የታዘዝነውን ነው የምንሠራው። እቃዎን ያውጡና ጉዳይዎን ቢሮ ያስረዱ» አለ ሰውየው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ዓይኑን ግን ከበሩ አላነሣም። ትንሹ መሰርሰሪያውን ሰካ። እኔ ምን ላድርግ? ደመናው እስኪሰማ ማቆያ ያለኝ አፍ ብቻ ነው። በመሐላቸው ገብቼ «ባዶ ነገር የምታሽጉ ከሆነ መጀመሪያ የዚህን ሰውዬ ጭንቅላት አሽጉልን፤ ከቤቱ በፊት ባዶ የሆነው እሱ ነው» አልኩ። ትልቁ ሳያስበው ሣቀ። ልብስ ሰፊው «የማን ነው ባዶ?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ መለስኩለት፣ እሱ ጨመረ፤ በዳማ የበላሁበትን ሁሉ አነሣሁበት። ሰዎቹ ልብሴን ከእጁ ሲያላቅቁ፣ መሰርሰሪያው ወለሉ ላይ ተኝቶ ሳለ፣ የትልቁ ስልክ ጮኸ። የምራቴ ድምፅ ኮሪደሩን ሞላው፤ «ወጥተዋል! ከቡድኑ ወጥተዋል፣ ቫልቩም ክፍት ነው!» እያለች ነበር። ሰውየው ስልኩ ላይ ዝርዝሩን አይቶ ለትንሹ «ጠቅልል» አለው። «ከሰዓት የማዶው ሕንፃ ነው» ብለው ወረዱ።

ቧንቧ ሠራተኛው መጋጠሚያውን መልሶ ከገጠመ በኋላ ልብስ ሰፊውን ልስመው ብገባ ምን እያደረገ ነው? ጀሪካን ደርድሮ እየሞላ ነው። «ሞልተህ ልትዘጋው ነው?» አልኩት። «ውኃ ሲገኝ ነዋ የሚቀዳው!» አለኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ደክሞኝ አያውቅም። ቆጣሪህ እንዲዞር በየጠዋቱ መጥቼ ከዚህ ቧንቧ ፊቴን እታጠባለሁ፣ በሩን እንዳትዘጋብኝ አልኩት። «ባልዲ ላይ ከሆነ፤ ለእግሬ ይሆነኛል» አለ።

ምራቴ እንደገና ደወለች። አለቃዋ ወሬውን ሰምቶ ደንብሽን እስቲ አሳዪኝ ብሏታል፤ እስኪፈርም ከበሩ አልነቃነቅም አለች። የማዶውን ሕንፃ ጠየቅኳት። «አብዛኞቹ እውነትም ባዶ ናቸው፣ አባባ» አለችኝ። አብዛኞቹ። ይህች ቃል እንደ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ገባች። ሄዶ የሚያንኳኳ ሰው አስተዳደሩ አለው ወይ ብላት፣ ለዚያ የተመደበ ሰው የለም አለች።

ስለዚህ ሄድን። ቧንቧ ሠራተኛው መፍቻውን፣ እኔ ምራቴ የነገረችኝን የቤቶቹን ቁጥር ይዘን፣ ልብስ ሰፊው ጎማውን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ፣ አንገትጌው ታጥቦ ገና እርጥብ ነው። የመጀመሪያው በር ላይ አንኳኳን፣ መልስ የለም። ቀጣዩ ቁልፉ ቀዳዳ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። ከዚያ በላይ ባለው ፎቅ ልብስ ሰፊው ማለክለክ ጀመረ፤ «ማሽኑ አንዳንዴም እውነቱን ነው፣ እንመለስ» አለኝ። እኔም እንመለስ ብዬ ነበር። እጄ ግን አላርፍ ብሎ አንድ ጊዜ አንኳኳ። ዝም። ጆሮዬን በሩ ላይ አስጠጋሁ። ዝም። ፊታችንን አዙረን ደረጃው ላይ ስንደርስ ነው፣ ከዚያ ከባዶው ቤት ውስጥ የአሮጊት ሴት ድምፅ «ማነው?» ያለው።

ልብስ ሰፊው ከእኔ ቀድሞ ተመለሰ። አፉን በሩ ላይ አድርጎ «ጎረቤት ነን፣ እሜቴ» አላት፤ «እባክዎን ቧንቧዎን ይክፈቱ።»

ይህን የምጽፍልሽ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው። ከጎረቤቷ ቤት ውኃ ስበው ጎማውን እየገጠሙላት ነው፤ ገና ያላንኳኳናቸው በሮች ከላይ አሉ፣ አሻጊዎቹም ይመጣሉ። ስለዚህ ሰላምታዬን አሳጥሬ ልላክ። ለአማቼ፣ ሬዲዮውን ቀነስ አድርጎ በሩ ሲንኳኳ እንዲሰማ ንገሪልኝ። ለልጅሽ፣ ሳትዘልል እዚህ ከደረሰች፣ ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ለልጇ ለትንሹ ወሬኛ፣ ጥርሱ ከወጣ እንዳይነክስሽ። ለጓሮ ጎረቤትሽ፣ ለዚያች ጠበኛ፣ ከተኳረፋችሁም ሰላም በዪልኝ። ልጄና የልጅ ልጄ እጅ ይነሣሉ፤ ምራቴ ገና ከአለቃዋ በር ላይ ናት፣ የእሷን እኔ ልኬልሻለሁ። አንቺ ደግሞ ጉልበትሽን ጠብቂ፤ ስደውልም ቶሎ አንሺ፣ ብዙ ጠርቶ ሳታነሺ ስትቀሪ ልቤ ይሰቀላል።

ልብስ ሰፊው «ይበቃል፣ ባከነ!» እያለ ይጮኻል። ልሂድ።

ወንድምሽ፣ ያ ሁልጊዜ የሚያበሽቅሽ

ከማዶው ሕንፃ፣ ከሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ
ሐሙስ፣ የጥር ወር ሲያልቅ